የእትዬ ባሎቴ ጉድጓድ ፎቶግራፍ

ዛሬ ጠዋት የገዛ ግቢዬን የውኃ ቧንቧ በገዛ ዶማዬ በሳሁት።

ከአጥሩ ሥር መሬቱ ረጥቦ ሰነበተና ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰውየው መሣሪያውን ከቦርሳው እስኪያወጣ እንኳ አልጠበቅኩትም። «የሚያፈሰው እዚህ ጋ ነው፤ ቧንቧው ግን በወዲያ በኩል ነው የሚያልፈው» ብዬ በጫማዬ መስመር አሰመርኩለትና፣ የወገቤን ነገር ረስቼ ዶማ አነሣሁ። በሦስተኛው ምት ውኃው ተስፈንጥሮ ፊቴን አጠበኝ። ባለቤቴ ከበረንዳው ሆና ታየኝ ነበር። ፎጣ ወረወረችልኝ።

«ጋሼ፣ ጡረታ ከመውጣትዎ በፊት ሥራዎ ምን ነበር?» አለኝ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ቆጣሪውን ዘግቶ ሲመለስ።

«ከመሬት በታች ያለውን ማወቅ።»

ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጀርባውን አዙሮ ሳቀ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁት። አልተቀየምኩም። ከዚህ የባሰ ጉድጓድ ቆፍሬ አውቃለሁ። ያኔ የበሳሁት ቧንቧ ቢሆን ኖሮማ እሰየው ነበር።

ከዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት ነው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። የወላይታዋ ሶዶ አቧራ ያው አቧራ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቶቹ ሰሌዳ ግን በየጊዜው ይቀየራል፤ ዛሬ የገባህበትን ቢሮ ነገ ስሙ ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ በአንድ የውኃ ሥራ ቡድን ውስጥ ቴክኒሺያን ነኝ። ቡድን ስላችሁ ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሾፌሩን ሳንቆጥር ሁለት ነበርን። አንዱ ጋሽ ገረመው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የመጡ የድንጋይና የአፈር ምሁር፣ ትንሽ የሚናገሩ፣ ብዙ የሚሰሙ። ሌላው እኔ፤ የሶዶ ልጅ፣ የስድስት ወር ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ፣ ትንሽ የሚሰማ፣ ብዙ የሚናገር።

መሣሪያችን በሣጥን የሚጓዝ፣ የተሰማውን በወረቀት ላይ የሚሥል አንድ ማሽን፣ የመኪና ባትሪ፣ ረጅም ኬብል፣ አንድ ወፍራም ብረትና አንድ ትልቅ መዶሻ ነበር። መሬት ላይ የሚተከሉ አሥራ ሁለት ጂኦፎኖችም ነበሩን፤ ጂኦፎን ማለት የመሬትን ድምፅ የሚሰማ ጆሮ ማለት ነው። አሠራሩን አሁን ፎጣ ለወረወረችልኝ ሴት፣ ያኔ እጮኛዬ ሳለች፣ እንዲህ ብዬ አስረድቻት ነበር፦ ብረቱን መሬት ላይ ታስቀምጪና በመዶሻ ትመቺዋለሽ። ምቱ ሞገድ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ሰፊና ዝርግ ድንጋይ ካጋጠመው ነጥሮ ይመለስና ወረቀቱ ላይ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ የተስተካከለ መስመር ይሰጥሻል። ትንሽ ነገር ካጋጠመው ግን፣ ጉድጓድም ይሁን ቋጥኝ፣ ሞገዱ እዚያች ነገር ላይ ሲደርስ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ ልክ ጠጠር እንደወደቀበት ኩሬ። ከነገሩ አናት ላይ ያለው ጂኦፎን መጀመሪያ ይሰማል፤ በግራና በቀኝ ያሉት እንደ ርቀታቸው ዘግየት እያሉ ይሰማሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መሐሉ ከፍ ያለ፣ ሁለት ጎኑ ወደ ታች ያዘቀዘቀ ጉብታ ይወጣል። ከጉብታው ጫፍ ሥር ያ ትንሽ ነገር አለ።

እጮኛዬ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማችና «መዶሻውን የሚመታው ማነው?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲህ ደመወዝ የሚከፈልህ ለእሱ ነው» አለች።

እውነቷን ነበር። በሥልጠናው ላይ ያስተማሩን ስለ ዝርጉ መስመር ነው። ጉብታውን «ረብሻ ነው፣ ሥዕል ያበላሻል» ብለው በአንድ ከሰዓት በኋላ አለፉት። እኔም አመንኩ፤ ማመን ከመጠየቅ ይቀላል።

የተላክነው ከሁምቦ ከፍ ብሎ ተረተር ላይ ወደተቀመጠች አንዲት መንደር ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። ከሶዶ ቁልቁል ስትወርድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ኮትህን፣ ቀጥሎ ሹራብህን ታወልቅና በመጨረሻ የሚወልቅ ታጣለህ። በግራና በቀኝ በቆሎው ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ ጋሪዎች ከነጭነታቸው መንገዱን ይዘጉና ሾፌራችን ጥሩምባውን ይነፋል፤ አህያዋ ግን አትሰማውም። መንገድ ዳር የገዛነው የተጠበሰ ስኳር ድንች ጣት ያቃጥል ነበር። ጋሽ ገረመው ልጣጩን እንደ ደብዳቤ በጥንቃቄ ሲከፍቱ፣ እኔ ከነልጣጩ ጎረስኩትና እስከ መንደሩ ድረስ ምላሴን በመስኮት አውጥቼ አናፈስኩ።

የመንደሪቱ ሴቶች ማለዳ ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ለቀትር ጥቂት ሲቀረው ነበር የሚመለሱት። አሁን ከወዲያኛው ከፍ ካለ ተራራ ሥር ያለ ምንጭ በቧንቧ ሊመጣላቸው ነው፤ ተረተሩ ላይ የኮንክሪት ማጠራቀሚያ ይሠራና ከዚያ ወደየሰፈሩ ይወርዳል። ሌላ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ችግሩ ግን ባለፈው ክረምት ከዚያው ተረተር ጥግ መሬቱ በድንገት ተከፍቶ አንዲት ጊደር መዋጡ ነው። በዚያ አገር ዝናቡ አመድማውን አፈር የሚበላው ከሥር ነው፤ ከላይ ሣር ታያለህ፣ ከሥር ባዶ ነው። ማጠራቀሚያውን ባዶ ላይ ብትሠራ ከነውኃው ተንዶ ከታች ያሉት ቤቶች ላይ ይወርዳል። የተሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበር፦ ባዶው የት እንደሆነ ለዩ፤ ካልለያችሁት ውኃው ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ወንድም ማርቆስ ገና ከመኪናው ስንወርድ «ይመጣል ወይስ አይመጣም?» ብለው ጠየቁን። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ጊደሯ የእትዬ ባሎቴ ነበረች። ተረተሩም ጓሯቸው ነው። በአርባዎቹ አጋማሽ ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ሲያዩህ ከየት እንደመጣህና መቼ እንደምትሄድ የሚገምቱ ሴት ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ቆላ ነው ብትሉም፣ ጥላው እንደ ድንኳን የሚያርፍ የእንሰት ቦታ ነበራቸው። ኬብላችንን ሦስት ጊዜ በሦስት መስመር በዚያ አሳልፈን ዘረጋነው።

መዶሻው ሲመታ ማንም መንቀሳቀስ የለበትም፤ ጂኦፎኑ የሰውን እርምጃ ሁሉ ይሰማልና። ወንድም ማርቆስ ሕዝቡን በአንድ እጅ ምልክት ጸጥ አደረጉት። ዶሮዎቹን ግን ማንም ጸጥ ሊያደርጋቸው አልቻለም። ጋሽ ገረመው «ምታ!» ይላሉ፤ እመታለሁ። «ድገም!» እደግማለሁ። ከሰዓት በኋላ መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ከብረቱ ይልቅ የተመታሁት እኔ መሰልኩ። ደግነቱ የሦስቱም መስመር ወረቀት ወጣ። ወዲያው ባትሪው ሞተ።

ጋሽ ገረመው ሌላ ባትሪ ሊያመጡ ወደ ሶዶ ተነሡ። «ነገ ቀትር ላይ እመለሳለሁ» አሉኝ። «እስከዚያ መስመሮቹን በቀጭኑ ወረቀት ላይ ገልብጥልኝ። ሳልመጣ ለማንም ምንም እንዳትናገር።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ያን ቀን ያልኩት «እሺ» ከልቤ ነበር፤ ልቤ ግን እስከ ማግስቱ አልቆየልኝም።

ገለበጥኩ። ዝርጉን መስመር በማስመሪያ አሳመርኩት። ጎበጥ ጎበጥ ያሉትን፣ ረብሻ ናቸውና፣ ዘለልኳቸው። አንዱን ብቻ መዝለል አቃተኝ። ከቤቱ ጀርባ፣ እንሰቱ ሥር፣ እንደ ቀስት የጎበጠና ጥርት ያለ ጉብታ ነበር። ይህማ ረብሻ ሊሆን አይችልም አልኩ። ይህ ጊደር የበላው ነው!

በማግስቱ ጠዋት ወንዶቹ ከበቡኝ። ሴቶቹ ለውኃ ወርደዋል።

«እህ፣ ምን አገኛችሁ?» አሉ ወንድም ማርቆስ።

ትንሽ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ለማለት ሞከርኩም፤ እስከ አምስት ሳልቆጥር «ዋሻ!» አልኩ።

ሰዉ ተንጫጫ። ዶማና አካፋ ከየት መጣ ሳይባል መጣ። በእርምጃ ለክቼ እንሰቱ ሥር ቆምኩና በእግሬ ምልክት አደረግኩ። ወንድም ማርቆስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይህ እኮ… የሴቶች በኩል ነው።»

«ሳይንስ የወንድና የሴት በኩል የለውም!» አልኩ። ዛሬ ያን ቃል ሳስታውስ ጆሮዬ ይቃጠላል።

እስከ ወገባችን ሳንወርድ አፈሩ ለሰሰ። ከዚያ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ወጣ። ከሥሩ ሌላ ቅጠል፣ ከእሱም ሥር ሌላ። እኔ «የጥንት ሰው መቃብር ይሆን?» እያልኩ እጄን ሰደድኩ። ነጭ፣ ርጥብ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ያለው ነገር ጨበጥኩ። ቀና ስል ዶማዎቹ መሬት ላይ ናቸው፤ ሰዎቹ የሉም። ወንድም ማርቆስ ብቻ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

ማወቅ ነበረብኝ፤ የወላይታ ልጅ ነኝ። እንሰት ሲፋቅ ወንድ እዚያ አይደርስም። የተፋቀው በቅጠል ተጠቅልሎ ቆጮ እስኪሆን የሚቀበርበትንም ቦታ ወንድ አይጠይቅም፤ ቢያውቅም እንደማያውቅ ሆኖ ያልፋል። እናቴ የት እንደምትቀብር እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን የሰው ሴት ጉድጓድ በመንግሥት ማሽን ፈልጌ፣ በጠራራ ፀሐይ ከፍቼ፣ እጄን እስከ ክርኔ ከትቻለሁ።

እትዬ ባሎቴ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ጀሪካን በጀርባቸው፣ ከኋላቸው የሰፈሩ ሴቶች። ቆሙ። ጀሪካኑን እንኳ አላወረዱም። የተናገሩት በወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ስለውጠው ግማሽ ስለቱ ይቀራል።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«አባትህ እናትህ እንሰት ስትፍቅ ይገባ ነበር?»

«አይገባም እትዬ።»

«ታዲያ አንተን ማን አስገባህ?»

«ወረቀቱ» አልኩ፣ በቆጮ የተለወሰ እጄን ወደ ኪሴ እየሰደድኩ።

ከኋላ አንዷ ሴት ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ከዚያማ ጀሪካኖቹ ሁሉ እየወረዱ ሣር ላይ ተቀመጡና ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እትዬ ባሎቴ አልሳቁም።

«ለልጄ ሰርግ ነበር ያስቀመጥኩት፤ ለጥር» አሉ። «ከፍተሃል፤ አንተው ትዘጋለህ። ቅጠሉን እኔ እቆርጥልሃለሁ፤ አንተ ትረግጣለህ።»

ረገጥኩ። ሃያ ሴቶች እያዩኝ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ ቅጠሉን አነጠፍኩ፣ አፈሩን መለስኩ፣ ድንጋይ ጫንኩ። «በግራ በኩል ላልቷል!» «ወገብህን ተጠቀም እንጂ!» «ይህማ ጥሩ ሚስት ይወጣዋል!» እያሉ ያሠሩኝ ጀመር። አየር ያገኘውን የላይኛውን ቆጮ እትዬ ባሎቴ ለብቻ አነሡት።

ጋሽ ገረመው ቀትር ላይ ከነባትሪው ሲደርሱ እኔ ገና ድንጋይ እየጫንኩ ነበር። ነገሩን ወንድም ማርቆስ ነገሯቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ባትሪው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ዓይናቸውን ጠርገው ሲጨርሱ የጠየቁኝ «ጥልቀቱ ስንት ነበር?» ብለው ነው።

«እስከ ወገቤ።»

«ስፋቱስ?»

እጄን ዘርግቼ አሳየሁ። ዋናዎቹን ወረቀቶች አስመጡኝና እኔ ከገለበጥኩት አጠገብ ዘረጓቸው። አንዱን ከአንዱ አመሳከሩ። ከዚያ በእርሳስ መታ መታ አደረጉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስት ጉብታ ነበር። አራቱን እኔ ዘልያቸዋለሁ።

«መተው የነበረብህን አወራህ፤ ማውራት የነበረብህን ተውክ» አሉኝ። «ባዶውን የምናገኘው በዝርጉ መስመር አይደለም። ትንሽ ነገር ራሱን የሚያሳየው በነዚህ ነው። አሁን ግን አንዱ ቆጮ ከሆነ ሌሎቹስ? የቱ ጉድጓድ፣ የቱ ባዶ? ሁሉን እንዳንቆፍር የሰው ጓሮ ነው። ካልለየን ደግሞ ነገ ይህንኑ ጽፌ መስጠቴ ነው፤ አልተለየም ብዬ።»

ይህን ሲሉ እትዬ ባሎቴ እየሰሙ ነበር። አማርኛ እንደሚሰሙ ያኔ ነው ያወቅኩት። ሴቶቹ መሳቅ አቆሙ። «አልተለየም» ማለት ውኃው ሄደ ማለት እንደሆነ ማንም አላጣውም። እትዬ ባሎቴ ሣሩ ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች ተመለከቱ፤ ከዚያ ተመልሰው ከአጥሩ ወዲያ የቆሙትን ወንዶች።

«እናንተ ሂዱ» አሏቸው ለወንዶቹ። ሄዱ። ወንድም ማርቆስም ሄዱ። እትዬ ባሎቴ ወደኛ ዞረው «እናንተ ሁለታችሁ አይታችሁ እርሱት» አሉንና ሦስት ቀጫጭን እንጨት ቆርጠው ጓሯቸው ውስጥ ገቡ። እኔ የረገጥኩት ላይ አንድ ተከሉ። ወደ ግራ ሄደው፣ ምንም ምልክት ከሌለው ሣር ላይ፣ ሁለተኛውን። ከአጥሩ ሥር ሦስተኛውን። ለባላቸው አሳይተው የማያውቁትን ለሁለት እንግዳ ወንድ አሳዩን። ስንለካው ሦስቱም እንጨት ከሦስት ጉብታ ጫፍ ላይ ልክ አረፈ፤ በአንድ እርምጃ እንኳ አልተዛነፈም። ጋሽ ገረመው ቆባቸውን አወለቁ።

ሁለት ጉብታ ቀረ፤ ጥልቅ፣ ደብዘዝ ያሉ፣ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ላይ። ሁለቱን በገመድ ስናያይዛቸው ገመዱ ተስቦ ጊደሯ ወደገባችበት ስፍራ ሄደ።

ወንዶቹ ተጠሩ። ይህን ጊዜ መቼ እንደሚቆፈር የወሰኑት፣ የት እንደሚቆፈርም ቆመው ያሠሩት እትዬ ባሎቴ ናቸው። ከአንድ ሰው ቁመት በላይ ወርደን ምንም የለም። እኔ ላቤ ቀዝቅዞ ስለ ሁለተኛ ውርደቴ እያሰብኩ ሳለ ዶማው ድንገት ገባ፤ ሊቀር ሲል በእጀታው ያዝኩት። ከቀዳዳው ቀዝቃዛ አየር ፊቴ ላይ ነፋ። ድንጋይ ጣልን፤ ተንከባሎ ወደ ውስጥ ሲሄድ ሰማነው፤ ሰው ተንበርክኮ የሚሄድበት ቦይ ነበር። ማጠራቀሚያው ሊቆምበት ከነበረው ቦታ ከአንዱ ጥግ ሥር ነው።

ጋሽ ገረመው ሃያ እርምጃ ወደ ምዕራብ ለኩና በጫማቸው ተረከዝ መሬቱን መቱ። «እዚህ ይሠራ» አሉ። ወንድም ማርቆስ ጸሎት ጀመሩ፤ ሴቶቹ ግን ጸሎቱ እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ እልልታው ቀደመ። ያን ከሰዓት በኋላ እኔ ያበላሸሁት ቆጮ በትኩሱ ተጋግሮ፣ ከጎመንና አናት ከሚነቅል የቃሪያ ዳጣ ጋር ቀረበ። እትዬ ባሎቴ ድርሻዬን ሲሰጡኝ «ብላ፤ አንተ ያወጣኸው ነው» አሉ። ያኔ ነው መጀመሪያ ሲስቁ ያየኋቸው። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠኝ ቆጮ የለም፤ ባለቤቴ ይህን እንዳታነብ አደራ።

ልንሄድ ስንል እትዬ ባሎቴ ወረቀቱን እንደያዝኩ ከመኪናው አጠገብ አገኙኝ። «የኔው የቱ ነው?» አሉ። አሳየኋቸው። ጣታቸውን ጉብታው ላይ አስኬዱ፤ ከግራ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ቁልቁል።

«ይህማ ቤት ነው» አሉ። እውነትም የቤታቸውን ክብ ጣሪያ ይመስል ነበር። «ሰው ፎቶ ከተነሣ ፎቶው ይሰጠዋል። የኔ ጉድጓድ ተነሥቷል፤ የታለ?»

«ለሪፖርቱ ያስፈልጋል እትዬ። በሚመጣው ሳምንት እራሴ አመጣልዎታለሁ።»

«ሳምንት አልክ!» አሉ፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ።

ሳምንት አልኩ። ወረቀቱ ከሪፖርቱ የተመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እኔ ያን ጊዜ ወደ ቢጠና በኩል ለሌላ ሥራ ተልኬ ነበር። ከዚያ ሰርጌ መጣ፤ ከዚያ ልጆች፤ ከዚያ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ሰሌዳ። ቶሎ ባለመሄዴ አፈርኩ፤ ባፈርኩ ቁጥር ይበልጥ ዘገየሁ። ማጠራቀሚያው እንደተሠራና ውኃው እንደወረደ ሰምቻለሁ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የዚያ አገር ሰው አግኝቼ ስጠይቀው «እትዬ ባሎቴ? ደህና ናቸው!» አለኝ። «አሁንም የውኃውን ነገር ሲያወሩ፣ ያ ፎቶ አንሺ የት ገባ ይላሉ።» በዕድሜዬ ሙሉ ብዙ ማዕረግ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ፎቶ አንሺ ግን እዚያ ተረተር ላይ ሆኛለሁ።

ዛሬ፣ ልብሴን ቀይሬ ሰውነቴ ሲሞቅ፣ የድሮ ሣጥኔን ከአልጋ ሥር ሳብኩ። ወረቀቱ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ነው። ዘረጋሁት። የዚያን ጊዜው ማሽን ይጽፍ የነበረው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ዓመት ሲቆይ ይለቃል። ዝርጉ መስመር የለም። አምስቱም ጉብታ የለም። ከጥግ በእርሳስ የጻፍኩት «እትዬ ባሎቴ» የሚለው ብቻ ቀርቷል።

ትንሽ ነገር አይናቅም ብዬ አልሰብክም፤ እኔ ራሴ ስንቱን ዘልያለሁ። ግን ይህን ያህል ዘመን ሰው ያላየውን ሳሳይ ኖሬ፣ እነዚያን የዘለልኳቸውን አራት ጉብታዎች ያህል የከበደኝ ነገር የለም። እርሳስ ቀርጬ ጉብታውን በእጄ ልሥለው ሞከርኩ። ጣሪያው ተጣመመ። ተውኩት። ቅዳሜ የሁምቦ መኪና ላይ እሳፈርና ነጩን ወረቀት ይዤ እትዬ ባሎቴ ደጃፍ እቆማለሁ፤ «ሳምንት አልክ!» ሲሉኝ ወረቀቱን እዘረጋላቸዋለሁ። አንድ ፎቶግራፍ አለብኝ።